«ጌታዬ» ላለው «ወንድሜ» አለው

ባለፈው ሰሞን መብራት በጠፋበት ማታ ዶርማችን ውስጥ አንድ ክርክር ተነሣ። አነሣሡ ለቁም ነገር አልነበረም። በአንዲት ሻማ ዙሪያ ተኮልኩለን ስናወጋ፣ ወሬ ወሬን እየሳበ፣ አንዱ የያዕቆብንና የዔሳውን እርቅ አነሣ። ታሪኩን የማያውቀው የለም፤ ወንድማማቾች ተጣሉ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ታናሹ ተመልሶ መሬት ላይ ወደቀ፣ ታላቁ ሮጦ አቀፈው፣ ተላቀሱ፣ አለቀ። ተራኪው በትሕትና ምን ያህል እንደሚገኝ ሊነግረን ገና አፉን ሲከፍት፣ ካጠገቤ ያለው ልጅ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ «ኧረ ተወን እባክህ! ይሄ ደግሞ ትሕትና ነው እንዴ? 400 ሰው አስከትሎ ለሚመጣ ሰው የማይሰግድ ማን አለ? ጉቦውን ሰጠ፣ ነፍሱን አተረፈ፤ በቃ» አለው። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ሻማው ከጠፋ በኋላ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ልጁ የተናገረው እውነት አለበት። ሰው ፈርቶ ቢሰግድ ስግደቱ ምን ይባላል? ጠመንጃ የተደገነበት ሰው «እባክህ» ቢል ጨዋ ነው አንለውም። እንግዲያስ የያዕቆብን ትሕትና ከያዕቆብ ፍርሃት የምናበጥርበት ወንፊት ከየት ይምጣ? ይህ ጥያቄ ለእኔ የማታ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው አወጣዋለሁ። ለጊዜው ግን ኦሪት ዘፍጥረትን ከምዕራፍ 25 እስከ 36 በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፈተና የደረሰበት ተማሪ ማድረግ የማይገባውን አደረግሁ ማለት ነው።

እርቅ ከማለታችን በፊት ዕዳውን እንቁጠር። አገር ቤት ያሉ ሽማግሌዎችም እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ በደሉ ምንድን ነው ሳይባል ይቅር ተባባሉ አይባልም።

ሁለቱ መንታ ናቸው። ዔሳው ቀድሞ ወጣ፣ ያዕቆብ ተረከዙን ይዞ ተከተለ። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው፤ በዕብራይስጥ «ዓቄብ» ተረከዝ ማለት ነውና። (በግዕዝ «ዐቀበ» ጠበቀ ማለት መሆኑ ይገርመኛል። እሱን ግን ለቋንቋ ተማሪዎች ልተወው።) ሲያድጉ ዔሳው አዳኝ ሆነ፣ ያዕቆብ የድንኳን ሰው። አባትየው ዔሳውን ወደደ፣ እናትየዋ ያዕቆብን። አንድ ቀን ዔሳው ከዱር ተርቦ ሲመጣ ያዕቆብ የምስር ወጥ ሠርቶ ነበርና ብኩርናውን በወጥና በእንጀራ ገዛው። ይህ ጨካኝ ንግድ ነው፤ የተራበ ወንድም ፊት ሚዛን ማውጣት ያስነውራል። ቢሆንም ንግድ ነው። ዔሳው ምን እንደሚሸጥ ያውቃል፣ መጽሐፉም ብኩርናውን ናቀ ብሎ የሚወቅሰው ራሱን ዔሳውን ነው። እኔ ይህን በዕዳው ዝርዝር ውስጥ አላገባውም።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። ይስሐቅ አርጅቶ ዓይኑ ፈዘዘ። ሳልሞት ልመርቅህ፣ አድነህ የምወደውን ሠርተህ አምጣ ብሎ ዔሳውን ላከው። ርብቃ ሰማች። ሁለት የፍየል ግልገሎች ታረዱ፤ ሥጋቸው ወጥ ሆነ፣ ቆዳቸው በያዕቆብ እጆችና በለስላሳው አንገቱ ላይ ተጠቀለለ፣ ዔሳው ጠጉራም ነበርና። ያዕቆብ የወንድሙን ልብስ ለብሶ ገባ። ዕውሩ አባት ማን እንደሆነ ሲጠይቀው፣ በኩርህ ዔሳው ነኝ አለ። ይህን መልስ አንባቢ ይያዝልኝ፤ አንገቱንም ጭምር።

ምርቃቱ ውስጥ ምን ነበር? ሦስት ነገር ነው ያለው። የሰማይ ጠል፣ እህልና ወይን፣ ባጭሩ ሀብት። በወንድሞቹ ላይ ጌትነት። ሦስተኛው ስግደት፤ የእናቱ ልጆች እንዲሰግዱለት። የእናቱ ልጆች ሲባል ደግሞ ርብቃ ከሁለቱ በቀር ልጅ አላት ሲባል አልሰማንም። ዔሳው ዘግይቶ መጥቶ የሆነውን ባወቀ ጊዜ የጮኸው ጩኸት በኦሪት ውስጥ ካሉት ድምፆች ሁሉ ለእኔ መራራው ነው። ያ የዱር ሰው፣ ያ ቀስተኛ፣ አባቱ አንዲት ምርቃት ብቻ እንዳለችው ጠይቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የወንድሙንም ስም ክስ አደረገበት፤ ሁለት ጊዜ አሰናከለኝ፣ ስሙ ያዕቆብ መባሉ ያለ ነገር ነው እንዴ የሚል ክስ። ከዚያም አባቴ ይሙትና እገድለዋለሁ አለ በልቡ። ርብቃ ያዕቆብን ወደ ወንድሟ ወደ ላባ፣ ወደ ካራን ላከችው፤ የወንድምህ ቁጣ እስኪበርድ ለጥቂት ቀን ብላ። ጥቂቱ ቀን 20 ዓመት ሆነ። እናትና ልጅ ዳግመኛ ሲገናኙ መጽሐፉ አያሳየንም። ተንኮሉን ያቀደችው እሷ፣ ከማንም ይልቅ የከፈለችው እሷ።

የካራኑን 20 ዓመት ባጭሩ ልለፈው። ያዕቆብ ስለ ራሔል 7 ዓመት ሠራ፣ በሠርጉ ማታ በጨለማ ልያን ሰጡት። ቢጮህ ላባ ምን አለው መሰላችሁ? በእኛ አገር ታናሺቱ ከታላቂቱ በፊት አትሰጥም አለው! የታላቁን ወስዶ የሸሸ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ እንዴት ሆኖ ይሆን? ሌላ 7 ዓመት ጨመረ፤ ከዚያ ስለ መንጋ 6 ዓመት፤ ደመወዙም 10 ጊዜ ተለዋወጠበት። መጽሐፉ ያዕቆብ ተጸጸተ የሚል ቃል የትም ላይ አይጽፍም። ዕውር ያታለለው ሰው በጨለማ ተታለለ፣ ከዚያ ወደ አገሩ ተነሣ፤ ይህን ብቻ ነው የሚነግረን።

አሁን ወደ ብርድ ልብሱ ልጅ ክርክር እንመለስ። ያዕቆብ ወደ ከነዓን ሲቃረብ ዔሳው ወዳለበት ወደ ሴይር፣ ወደ ኤዶም አገር መልእክተኞች ሰደደ። እንዲሉ የታዘዙት ቃል ጌታዬ ዔሳው፣ ባሪያህ ያዕቆብ የሚል ነበር። ማንም አላስገደደውም፤ ዔሳው መምጣቱንም አያውቅም ይሆናል። በዚህ ምክንያት የጥንት የአይሁድ መምህራን አንዳንዶቹ ያዕቆብን ገሥጸውታል፤ መንገዱን የሚሄድ ውሻ ጆሮውን ይዘህ ምነው ጎተትክ ብለው። ራምባን የሚባለው ሙሴ ወልደ ናሕማን፣ እ.ኤ.አ. ከ1194 እስከ 1270 የኖረው የካታሎኒያ ሊቅ፣ ይህን ወቀሳ ተቀብሎ አጠንክሮታል። ልጃችን ሳያውቅ ከትልቅ ሰው ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። እኔ ግን በዚህ ላይ ከራምባን እለያለሁ። የተኛ ነገር ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። 20 ዓመት የተኛ ቂም አለ፤ ከጎኑ ቤት ሠርቶ መኖር እንዴት ይቻላል?

መልእክተኞቹ ሲመለሱ ይዘው የመጡት መልስ አልነበረም፤ ቁጥር ነበር። ዔሳው 400 ሰዎች ይዞ እየመጣ ነው። አያታቸው አብርሃም አራት ነገሥታትን ተከትሎ የመታው በ318 ሰዎች እንደነበረ ያስታወሰ ሰው ያዕቆብ ለምን እንደተንቀጠቀጠ ይገባዋል። ሕዝቡንና መንጋውን በሁለት ሠራዊት ከፈለ፤ አንዱ ቢመታ አንዱ እንዲያመልጥ። ይህ ንጹሕ ስሌት ነው። ከዚያ ጸለየ። በጸሎቱ ውስጥ «ቃቶንቲ» የምትል አንዲት የዕብራይስጥ ቃል አለች፤ አነስኩ፣ ትንሽ ነኝ ማለት ናት። ዮርዳኖስን በበትር ብቻ ተሻግሬ ነበር፣ ለተደረገልኝ ቸርነት አልበቃም ለማለት ነው ያመጣት። ይህች ቃል ከየት እንደመጣች ስከታተል ግን ደነገጥኩ። ርብቃ የዔሳውን ልብስ ያለበሰችው ልጅ፣ ወደ ካራንም ሽሽ ያለችው ልጅ፣ በምዕራፍ 27 ሁለት ጊዜ «ሃቃጣን»፣ ማለትም ታናሹ ተብሎ ተጠርቷል። ትልቅ ለመሆን ቆዳ የለበሰው ታናሽ አሁን ታናሽ ነኝ አለ። አዎን፣ ፈርቶ ነው ያለው። ሆኖም ሰው ሲፈራ ብዙ ውሸት መናገር ይችላል፤ ያዕቆብ ግን እውነቱን ነው የተናገረው።

ከዚያ እጅ መንሻው መጣ። 200 እንስት ፍየሎች፣ 20 አውራ ፍየሎች፣ 200 በጎች፣ 20 አውራ በጎች፣ 30 የሚያጠቡ ግመሎች ከግልገሎቻቸው ጋር፣ 40 ላሞች፣ 10 ኮርማዎች፣ 20 እንስት አህዮች፣ 10 አህያ ውርንጫዎች። የግመሎቹን ግልገሎች ሳንቆጥር 550 ራስ ከብት። መንጋ ከመንጋ እንዲራራቅ አዘዘ፤ ዔሳው አንዱን አልፎ ሌላውን እንዲያገኝ፣ ቁጣው ቀስ በቀስ እንዲበርድ። የየመንጋው እረኛ ሲጠየቅ ይህ የባሪያህ የያዕቆብ ነው፣ ለጌታዬ ለዔሳው የተላከ ነው፣ እርሱም ከኋላችን ነው እንዲል ተነገረው። ልብ በሉ፤ እርሱ ከኋላ ነው። ፍየሎቹ ከፊት፣ ሎሌዎቹ ከፊት፣ ያዕቆብ ከኋላ። እስከዚህ ድረስ የብርድ ልብሱ ልጅ ክርክሩን አሸንፏል፤ እጄን ሰጥቻለሁ።

ነገር ግን መንጋውና ቃሉ ምን ምን እንደያዘ እንይ። ሀብት አለ፤ 550 ራስ። ጌትነት አለ፤ «ጌታዬ» የሚለውን ቃል ቆጠርኩት፣ ያዕቆብ በራሱም አፍ በሎሌዎቹም አፍ ለዔሳው 8 ጊዜ ይለዋል። ስግደቱ ደግሞ በማግስቱ ይመጣል። ሀብት፣ ጌትነት፣ ስግደት! በተሰረቀው ምርቃት ውስጥ የነበሩት ሦስቱ እነዚሁ አይደሉም እንዴ? ጉቦ የሚሰጥ ሰው ተቀባዩ የሚወደውን ይሰጣል። ያዕቆብ የሰጠው የወሰደውን ነው። ጉቦና የዕዳ ክፍያ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፣ ሁለቱም ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፉ ናቸውና። ልዩነታቸው የሚታወቀው በፊት የሆነውን ለሚያውቅ ነው። መጀመሪያ የተላኩት ፍየሎች መሆናቸውም አያስገርምም? በሁለት ግልገል የተጀመረ ዕዳ ነው።

ሌሊቱ ደግሞ አለ። ያዕቆብ ቤተሰቡን የያቦቅን ወንዝ አሻግሮ ብቻውን ቀረ፤ አንድ ሰው እስኪነጋ ታገለው። ማን እንደነበረ ብዙ ተጽፏል፤ ነቢዩ ሆሴዕ መልአክ ይለዋል፣ ዘፍጥረት ግን ሰው ብቻ ነው የሚለው። የጭኑ መጋጠሚያ ተናጋ፤ ካልባረክኸኝ አልለቅህም ብሎ ያዘው። ያኔ ያ ሰው አንድ ጥያቄ ጠየቀው፤ ስምህ ማን ነው? ምርቃት ሊቀበል ሲል ስሙን የተጠየቀው ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ጊዜ፣ በዕውሩ ፊት፣ ዔሳው ብሎ ነበር። አሁን ያዕቆብ አለ። ዔሳው ያን ስም ክስ እንዳደረገው ከላይ አይተናል፤ ስለዚህ ስሙን መናገሩ ጥፋቱን መናገር ነው። እስራኤል የተባለውም ከዚህ በኋላ ነው እንጂ በፊት አይደለም። ይህን በጨለማ ሲናገር ዔሳው አልነበረም፣ 400ዎቹ ሰዎች አልነበሩም። ስለዚህ ለዔሳው ሲባል የተጫወተው ነው ልንል አንችልም።

ሲነጋ እያነከሰ ወጣ። ዔሳው ከነሰዎቹ ታየ። እዚህ ላይ ያዕቆብን የምነቅፍበት ነገር አለኝ። ሴት ባሪያዎቹንና ልጆቻቸውን አስቀደመ፣ ልያንና ልጆቿን አስከተለ፣ ራሔልንና ዮሴፍን ከሁሉ ኋላ አደረገ። ሰይፍ ቢመጣ ማን ቀድሞ እንዲሞት በፍቅሩ ልክ ደረደራቸው ማለት ነው። ልጆች ደግሞ የቆሙበትን ቦታ አይረሱም። ከዓመታት በኋላ ዮሴፍን ጉድጓድ የጣሉት ወንድሞቹ ያን ጠዋት ከፊት የቆሙት ናቸው። ሰው ከአንድ ወንድሙ ጋር እየታረቀ በዚያው ሰዓት የሌሎችን ወንድሞች ጠብ ሊዘራ ይችላል። ይህን ስጽፍ ያዕቆብን ማሳነሴ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ጉድፍ ስላልደበቀ መጽሐፉን የበለጠ አመንኩት።

ከዚያ ግን መጽሐፉ አንድ አጭር ነገር ይናገራል፤ እርሱ ራሱ በፊታቸው አለፈ። ማታ ከኋላ የነበረው ጠዋት ከፊት ሆነ። ሎሌ ልኮ ከኋላው የተደበቀው ሰው በተናጋ ጭን፣ እያነከሰ፣ ወንድሙ ዘንድ እስኪደርስ 7 ጊዜ ወደ ምድር ሰገደ። ቀጥ ብሎ መሄድ ላቃተው ሰው 7 ጊዜ ወድቆ መነሣት ምን ማለት እንደሆነ እግሩን የተሰበረ ያውቀዋል። እንዲህ ባለ እግር ሩጦ ማምለጥ አይቻልም። ስለዚህ ለብርድ ልብሱ ልጅ የምመልስለት ይህን ነው፤ ፍርሃቱ አልጠፋም፣ ማታም ጠዋትም ፈርቷል። የተለወጠው ቦታው ነው። ትሕትና ከፍርሃት ነጻ የሆነ ልብ ነው ካልን፣ እንዲህ ያለ ልብ በ400 ሰዎች ፊት ከየት ይገኛል? ሰው ግን እየፈራም ከኋላ ወደ ፊት ሊያልፍ ይችላል።

ዔሳው ሮጠ። 20 ዓመት የተጠበቀው ሩጫ! አቀፈው፣ አንገቱ ላይ ወደቀ፣ ሳመው፣ ሁለቱም አለቀሱ። አንገቱን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ዔሳው የወደቀበት ያ አንገት፣ የፍየል ቆዳ የተጠቀለለበት አንገት ነው። አሁን ቆዳ የለበትም። አባት በዳሰሰ ጊዜ ያልታወቀው ያዕቆብ፣ ወንድም ባቀፈው ጊዜ ታወቀ።

በዕብራይስጡ የኦሪት ጥቅልል ላይ «ሳመው» ከሚለው ቃል ፊደላት በላይ ነጠብጣቦች አሉ። የጥንት መምህራን ለምን እንደተደረጉ ተከራክረዋል። ረቢ ያናይ ሊስመው ሳይሆን ሊነክሰው ነበር ይላል፤ በዕብራይስጥ «ናሻቅ» ሳመ፣ «ናሻኽ» ነከሰ ነው፣ የሚለያዩት በመጨረሻው ድምፅ ነው። (የግዕዙ «ነሰከ»፣ የእኛው «ነከሰ»፣ የዚያው ዘር ናቸው።) ሌላው፣ ረቢ ስምዖን ባር ዮሐይ፣ ዔሳው ያዕቆብን እንደሚጠላ የታወቀ ነው፣ በዚያች ሰዓት ግን አንጀቱ ተላውሶ በሙሉ ልቡ ሳመው ይላል። የነካሹን ትርጉም ያመጡትን ሰዎች መናቅ ቀላል ነው፤ ግን ኤዶም የሚለው ስም በእነሱ ዘመን ለሮም የተሰጠ ስም እንደነበረ እናስታውስ። መቅደሱን ባቃጠለበት መንግሥት ሥር የሚኖር ሰው የዔሳውን ከንፈር ሲያይ ጥርሱን ቢያይ አይፈረድበትም። እኔ ከረቢ ስምዖን ጋር ነኝ። የእሱ ቃል የሚጥመኝ ጥላቻው አልነበረም ስላላለ ነው፤ ነበረ፣ በዚያች ሰዓት ግን ሳመው።

የንግግራቸውን አካሄድ ተመልከቱ። ያዕቆብ ጌታዬ ይላል፤ ዔሳው ሲመልስ ወንድሜ ይለዋል፣ ለእኔ ብዙ አለኝ፣ ያንተ ላንተ ይሁን ብሎ። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ዔሳው ያን ቃል የሚናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 8ቱን «ጌታዬ» አንዲት «ወንድሜ» ሚዛን አስደፋቻቸው። ያዕቆብ ግን አልተወም፤ ለመነው። ሲለምነው ደግሞ ቃሉን ለወጠ። እስካሁን የሚለው «ምንሓ» ነበር፣ እጅ መንሻ እንደማለት። አሁን «ብርኻቲ» አለ፣ በረከቴን። ይህ ቃል የእኛው በረከት ነው፤ ይስሐቅ የሰጠው፣ ዔሳው ያለቀሰለትም ይኸው ቃል ነው። በረከቴን ውሰድልኝ። ተንኮለኛ ጉቦ ሰጪ ይህን ቃል አያነሣም፤ የዱሮውን ቁስል ስሙን ጠርቶ መንካት ነውና።

ዔሳውም ተቀበለ። ስለ ዔሳው ትሕትና ማንም አይጽፍም፤ እኔ ግን የማየው እዚህ ነው። ብዙ ያለው ሰው ስጦታ እንቢ ማለት ያምርበታል፣ ትልቅም ያሰኘዋል። እንቢ ቢል ኖሮ ግን ያዕቆብ እስከ ዕለተ ሞቱ ባለዕዳ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ዔሳው ደግሞ ዘላለም የተበደለ። ከተበዳይነት ወንበር መውረድ ቀላል አይደለም፤ ሙቀት አለው። ዔሳው ወረደ።

ፍጻሜው የተጠበቀውን ያህል አያምርም። ዔሳው አብረን እንሂድ አለ። ያዕቆብ ልጆቹ ደካሞች ናቸው፣ ከብቶቹ ያጠባሉ፣ ቀስ እያልኩ ወደ ሴይር እመጣለሁ አለ። አልሄደም። ወደ ሱኮት ሄዶ ቤት ሠራ። ዋሸ? ይመስለኛል፤ ተረከዝ ያዡ ገና አልሞተም። ወይም ደግሞ ሁለት ሰዎች ታርቀውም አንድ ሰፈር መኖር እንደማይችሉ ቀድሞ ገብቶት ይሆናል፤ ኋላ ከብታቸው ስለበዛ ምድሪቱ እንዳልቻለቻቸው ተጽፏል። ዳግመኛ የምናያቸው በኬብሮን ነው፣ በአባታቸው መቃብር። አባቴ ይሙትና እገድለዋለሁ ያለው ሰው፣ አባቱ በሞተ ቀን ከሚገደለው ጋር ሆኖ ቀበረ። ስማቸው ሲጻፍም ዔሳውና ያዕቆብ ተብሎ ነው፤ ዔሳው ቀድሞ።

አሁን የቀረውን ልናገር። እኔም ታላቅ ወንድም አለኝ፤ ወንድም ጋሼ እያልኩ ነው ያደግሁት። አባታችን ከሁለታችን አንዳችንን ብቻ ከተማ አስቀምጦ ለማስተማር አቅም ነበረው፤ እናቴ እኔን አለች። ወንድም ጋሼ ከ8ኛ ክፍል ወጥቶ ሞፈር ጨበጠ። ይህን እንደ ምስር ወጡ ልቁጠረው፣ በግልጽ የሆነ ነውና። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በዓመቱ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ስለ በሬው፣ ስለ ዝናቡ፣ አጥናልን የሚል። ፊደሉ የተንጋደደ፣ ሀሌታውና ሐመሩ የተደበላለቀ ነበር። እኔም አልጋ ላይ ቆሜ፣ ድምፁን አስመስዬ፣ ለዶርሙ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሳቁ እስከ ኮሪዶር ተሰማ። ከአገሬ የመጣ አንድ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወሬው ከእኔ ቀድሞ አገር ገባ።

ከዚያ ወዲህ አልጻፈልኝም። ባለፈው ፋሲካ ስሄድ በር ላይ ቆሞ ተቀበለኝ፤ አልተቆጣም፣ ፊቱንም አላዞረም። «እንደምን ከረሙ? ይግቡ፤ ይቀመጡ» አለኝ። አንቱ አለኝ! እናቴ እጇ ላይ የነበረውን ጀበና ይዛ ቆማ ቀረች። ሦስቱን የበዓል ቀናት አንቱ እንዳለኝ ከረመ። ያዕቆብ ለዔሳው ጌታዬ ሲለው ወደ እሱ እየቀረበ ነበር፤ የወንድሜ አንቱታ ግን አጥር ነው። ከሰደበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚመጣው ወር የአባታችን የሙት ዓመት ተዝካር ነው። መሄዴ የግድ ነው፤ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌዎችም ይኖራሉ። እንግዲህ የብርድ ልብሱ ልጅ ሊለኝ የሚችለውን አውቃለሁ፤ ፈርተህ ነው ይለኛል። አዎን ፈርቻለሁ። ከእናቴ ዓይን ፈርቻለሁ፣ ከዚያ «ይግቡ» ከሚለው ድምፅ ፈርቻለሁ። ገንዘብ ልላክለት ብዬ አስቤ ነበር፤ ጋቢ ልግዛለት ብዬም ነበር። ግን ከወንድሜ የወሰድኩት ጋቢ አይደለም። በሰው ፊት ስሙን ነው የወሰድኩት፣ ለሳቅ። የወሰድኩት በዚህ ዶርም፣ በዚህ ሕንፃ፣ አሁን ይህችን ቡለቲን በምታነቡት በእናንተው ፊት ነው። ከሳቁት አንዱም ይኸው የብርድ ልብሱ ልጅ ነበር፤ ማን እንደጻፈው ያልተነገረውን ደብዳቤ የማን እንደነበር አሁን ይወቅ። የወንድሜ ነበር። የሳቃችሁበት በሬ ትምህርት ቤት ያስገባኝ በሬ ነበር።

የዚህችን ቡለቲን አንድ ቅጂ ይዤለት እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ልኬ ከኋላ አልመጣም፣ በእጄ ነው የምሰጠው። የተሳሳተ ፊደል አያጣትም፤ ያርመው። ተዝካሩ ላይ ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብሎ ሊያነበውም ቢፈልግ መብቱ ነው።